እጅ አነሣሁ እንጂ ደጅ አልያዝኩም

ጄኔቭ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ብርቅዬ ደርበው
ላሊበላ

የላስታ ቅዱሳን ጥላቸውን ከቤትሽ አያንሡ። ሰዉም ከብቱም አዝመራውም ደህና ነው ብዬ ልመን። እኔ ብርዱ ያጎሳቁለኛል እንጂ ጤና ነኝ።

እትዬ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ግን ካንቺ ልደብቀውም አልችልም። እዚህ በአስተርጓሚነት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት የቅርስ ክርክር የሚያይ አንድ ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት አስጠራኝ። መንግሥታችን አንድ ፈረንጅ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ከሷል። ሰውየው የጭላ ሚካኤል መጾር መስቀል እጁ ላይ ተገኝቶበት «ገዝቼ ነው» እያለ ይሟገታል። ጭላ ሚካኤል አጎቴ፣ አባትሽ መምሬ ደርበው ቄሰ ገበዝ የሆኑበት ደብር አይደል? መስቀሉ ተሰረቀ ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ እንዴት እንዳለቀስሽ ከፊደሉ ያስታውቅ ነበር።

ነጋዴው ምስክር ብሎ ያቆመው ማንን መሰለሽ? የብልባላውን አረጋን። ያንን ቱሪስት በበቅሎ አሸተን ማርያም ያወጣ የነበረውን። ክራቫት አስሮ ገባ። እጁን አንሥቶ እውነት ሊናገር ማለ። ከዚያ ምንም ሳይደናገጥ፣ የጭላ ሚካኤል ቄሰ ገበዝ መምሬ ደርበው መስቀሉን በገዛ እጃቸው ከዕቃ ቤት አውጥተው ለፈረንጁ ሲሸጡለት ቆሜ አይቻለሁ አለ።

ያንን ቃል በፈረንሳይኛ መድገም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ተነሥቼ ለሰብሳቢው ዳኛ፣ ስማቸው የተጠራው ሰው የሥጋ ዘመዴ ስለሆኑ ማስተርጎም አይገባኝም አልኩ። አመስግኖ አሰናበተኝና ሌላ ሰው ተካ። እኔም ወጥቼ አልሄድኩም፤ ከሕዝቡ መቀመጫ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ችሎቱ ለማንም ክፍት ነውና ይህን ስነግርሽ የከዳሁት የለም።

አጎቴን አውቃቸዋለሁና እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ወሬው እዚያ ደርሶ እንደሆነ፣ ደርሶም ያመጣባቸው ነገር እንዳለ ብቻ ጻፊልኝ። ከኔ የሚፈለግ ካለም እዘዢኝ።

ወንድምሽ ከፋለ


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከፋለ

የእናትህ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅህ። ልደትን በሰላም ያድርስህ። ብርዱን እንኳ ተወው፣ እኛም ዘንድ ዘንድሮ ውርጩ ባቄላውን ለብልቦታል።

ወሬውማ ካንተ ደብዳቤ ቀድሞ ደረሰ። ደብዳቤህ መንገድ ላይ ሲንፏቀቅ አባባ ከታሰሩ ወር አልፏቸው ነበር። የአረጋ ቃል በመንግሥት በኩል ዞሮ መጣና «ቅርስ ሸጠዋል» ተብለው ተያዙ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ሲያስረክቡ አየሁ። አላለቀሱም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ለጠያቂ የሚነግሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መነጽራቸው ተሰብሮ ዳዊት መድገም አቃታቸው። ስለ እስሩ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

መስቀሉ የተሰረቀ ቀን እኮ አባባ ለነአኩቶ ለአብ ንግሥ ሄደው ነበር። ሲመለሱ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ተሰብሮ አገኙት። ኡኡ ብዬ አገር የጠራሁት እኔው ነኝ። ይህን ብናገር «አንቺማ ልጃቸው ነሽ» ይሉኛል። ልጅ ሲሆኑ ዓይን ይጠፋል እንዴ? አብረዋቸው ንግሥ የነበሩት ካህናት ደግሞ፣ በባህር ማዶ ፍርድ ቤት የተነገረውን ማን ያፈርሳል ብለው ጭጭ ብለዋል። ከማኅበርተኞቼ ግማሾቹ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ይቀይሩ። መንገዱ ሞልቷል።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ የተማርክ ነህ። እዚያ አገር በችሎት ፊት ምሎ የዋሸ ሰው አይቀጣም እንዴ? እኛ ዘንድ በማሽላ ማሳ ድንበር የዋሸ ሰው እንኳ እስር ቤት ይወርዳል። የዓለም ፍርድ ቤት የተባለው ምነው ከኛ ቀበሌ አነሰ?

መነጽሩን አስብበት። ለቅርብ የሚያነቡበት እንጂ ለሩቅ የሚያዩበት እንዳይሆን።

እትዬህ ብርቅዬ


ጄኔቭ፣ የካቲት 30 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ብርቅዬ

እስረኛን የሚጎበኝ አምላክ አጎቴን ይጎብኝልን። አንቺንም ያበርታሽ። መታሰራቸውን ካነበብኩ ወዲህ እህል አይጣፍጠኝም።

መነጽሩን በአንድ የአየር መንገድ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሰበር ብዬ።

ሌላው ወሬ ደህና አይደለም። ችሎቱ የአረጋን ቃል ተቀብሎ ለነጋዴው ፈረደለት። መስቀሉ ሱቁ ውስጥ በመስተዋት ታጥሮ ቆሟል። ሄጄ አየሁት። ሰው እንዳያየኝ ዞር ብዬ ተሳለምኩና ወጣሁ።

ስለ ቅጣቱ የጠየቅሽኝን የችሎቱን ጸሐፊ ጠየቅኩልሽ። ችሎቱ ወህኒ የለውም፤ ፖሊስም የለውም። ደንቡ ግን አንድ አንቀጽ አለው። እዚህ ምሎ የዋሸን ሰው፣ የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ልክ በራሱ ፊት እንደዋሸ ቆጥሮ ይቀጣዋል ይላል። ኢትዮጵያም ፈርማበታለች። ቅጣቱ ከተፈረደ ክርክሩ እንደገና ይከፈታል። ስለዚህ አረጋን የሚቀጣው የላስታ ዳኛ ነው፣ መዋሸቱን የሚያስረዳ ምስክር ከተገኘ። እሱ ደግሞ ከየት ይገኛል? ተስፋ ልስጥሽ ወይስ ተስፋ ላስቆርጥሽ፣ እኔም አላወቅሁም።

ወንድምሽ ከፋለ


ላሊበላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከፋለ

ትንሣኤውን ያሳየን ጌታ ያንተንም ፊት ያሳየን። መነጽሩ ደርሶ አባባ አድርገውታል። ፈረንጅ መሰሉ ብዬ ስቄባቸው እሳቸውም ሳቁ፤ ከታሰሩ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። ምስክር ከየት ይገኛል አላልከኝም? አረጋ ራሱ ይዞልን መጣ።

እናቱ ብልባላ አርፈው ነበር፤ ነፍስ ይማር፣ እሳቸውስ ደግ ሴት ነበሩ። ለተዝካራቸው አረጋ ከአዲስ አበባ መጣ። ሹራቡ፣ ሰዓቱ፣ ሽቶው ሌላ ነው። ለተዝካር እንደ ወጉ ሁለት ዳስ ተጥሏል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእስላሞቹ፣ ሥጋውም ለየብቻ። እኔ አልሄድኩም። የምነግርህ ከሰሙት የሰማሁትን ነው።

አረጋ በእኛ ዳስ ጠጥቶ ጠጥቶ ሞቅ ሲለው፣ የመምሬን ነገር የሚጠይቀው በዛበት። እዚያ መልስ ለመስጠት ፈራ፤ ካህናቱ ተቀምጠዋል። ተነሥቶ ብርሌውን እንደያዘ ወደ እስላሞቹ ዳስ ተሻገረ። እነሱ የቤተ ክርስቲያን ነገር ምን ገዷቸው ብሎ ነው። የኩልመስኩ ጨው ነጋዴ ሸዕባን ከባለቤቱ ከኸዲጃ ጋር ተቀምጧል። አረጋ አጠገቡ ዘፍ አለና፣ መምሬን በሐሰት መሰከርክባቸው እየተባለ እንደሚታማ እያማረረ ነገረው። ሸዕባንም «ታዲያ ምለህ የለም እንዴ?» አለው። አረጋ ሳቀና እንዲህ አለው፦

«መምሬን ያን ቀን በዓይኔም አላየኋቸው። ፈረንጁ በል ያለኝን አልኩ። ምን አለበት? እጅ አነሣሁ እንጂ ደጅ አልያዝኩም።»

ሰማህ ከፋለ? የኛ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ይዞ ካልማለ መሐላ አይመስለውም። እጅ ማንሣትማ በአብዮቱ ዘመን በየስብሰባው ሁላችንም እናነሣለን፤ የተስማማችሁ ሲባል እናነሣለን፣ የተቃወማችሁ ሲባል የሚያነሣ የለም። አረጋም የዓለሙን ችሎት የቀበሌ ስብሰባ አደረገው።

ይህን የሰማ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ግን የተዝካር እንጀራ በልተን የባለቤቱን ነገር አናወጣም አሉ። ሸዕባን ግን በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ ቤቴ ድረስ መጣ። አንተ እንዴት ደፈርክ ብለው የኛ ሰዎች ሲጠይቁት የመለሰላቸውን ልጻፍልህ፦

«ደጁ የእናንተ ነው። የሰማሁበት ጆሮ ግን የራሴ ነው፤ የት ላድርገው?»

ከሱ ጋር አውራጃ ፍርድ ቤት ሄድን። ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩት። ጸሐፊው ከላዩ «ኢትዮጵያ ትቅደም» በዪ አለኝ። አልኩ። ከኢትዮጵያ ቀጥሎ አባቴ ይውጡ ብዬም ጨመርኩበት፤ ያንን ሰረዘው። ዳኛው ወጣት ነው፣ ደህና ሰው ይመስላል። ምስክሮቹን እሰማለሁ፤ ግን ሰውየው እዚያ ምሎ ምን እንዳለ ከችሎቱ የተረጋገጠ ቃል በመንግሥት በኩል ካልመጣልኝ እጄ የታሰረ ነው አለ።

አሁን መነጽርም ልብስም አልልህም። ያንን አስልክልኝ። አረጋ ወደ አዲስ አበባ ሳይመለስ ቶሎ አድርገው፤ የእናቱን ቤት እስኪሸጥ እዚሁ ነው።

እትዬህ ብርቅዬ


ላሊበላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ከፋለ ሆይ፣

ጤና ይስጥህ፣ ካለህ። ሐምሌ ላይ የጻፍኩልህም መልስ የለውም። ክረምቱ መንገድ ዘግቶት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ከወልድያ ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ ግን ለሌላው ሰው ሁሉ ያመጣል።

አባባ ሳል ጀምሯቸዋል። ሸዕባን በመጣ ቁጥር «ያ ዘመዳችሁ ምን አለ?» ይለኛል። የማይመለከተው ሰው እንዲህ ሲጨነቅ የሚመለከተው ዝም አለ። አረጋ በቤቴ በር ሲያልፍ ያፏጫል። የፈራኸው ነገር ካለ ፈራሁ በለኝ። ዝምታህን ግን ለአባባ ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ብርቅዬ


ጄኔቭ፣ መስከረም 15 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ብርቅዬ

አዲሱን ዓመት የፍርድ ዓመት ያድርግልን። ቁጣሽ ይገባኛል፤ ፈርቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሉ የሚላከው በኤምባሲያችን በኩል ነው። ከቃሉ ጋር ደግሞ በችሎት ተገኝቶ አረጋ ሲናገር በጆሮው የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ ስሙንና አድራሻውን ሰጥቶ መማል አለበት። እኔ ከአገር የወጣሁት ኮብልዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስሜ ኤምባሲ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ እናቴ ቤት የሚያንኳኳ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤሽን ኪሴ ይዤ እስከ ኤምባሲው በር እሄድና እመለሳለሁ። በመጨረሻ ለእናቴ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ፣ «መምሬ ታስረው እኔ በሬን ቆልፌ ልተኛ?» ብላ ነው።

ስለዚህ ሄድኩ። ስሜን ከነአባቴ ሰጠሁ። ከዚያ ለመማል ወደ ችሎቱ ገባሁ። እትዬ፣ እንዳትስቂብኝ። በሩ ትልቅ የእንጨት በር ነው፣ የናስ እጀታ አለው። የአረጋ ነገር ትዝ ሲለኝ እዚያው ቆምኩ። በግራ እጄ በሩን ጨበጥኩና ቀኙን አነሣሁ። ዘበኛው ያመመኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። «ደህና ነኝ፣ በሩን ብቻ ተዉልኝ» አልኩት። ሰብሳቢው ዳኛ ገርሞት አየኝና፣ እንደዚያው ቆመህ ማል አለኝ። እጅም አነሣሁ፣ ደጅም ያዝኩ።

ቃሉ ማኅተም ተደርጎበት ባለፈው ሰኞ ወጥቷል። እንደደረሰ ንገሪኝ። እናቴንም እይልኝ።

ወንድምሽ ከፋለ


ላሊበላ፣ ጥር 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለጀግናው፣ ለከፋለ

ጥምቀትን ያሳየን አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው። እናትህ ደህና ናቸው፤ በራቸውን ያንኳኳሁት እኔ ብቻ ነኝ። የነሐሴውን ደብዳቤ ቅደደው፤ ተናድጄ ነበር።

አሸነፍን።

ቃሉ ታኅሣሥ ላይ ደረሰ። አረጋ በእናቱ ቤት ዋጋ ሲከራከር ሰንብቶ ገና እዚሁ ነበር፤ ተያዘና ተከሰሰ። የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሰው አልበቃውም፤ ከብልባላ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ አለ። ያ መንገድ ይቀይር የነበረው ማኅበርተኛ ሁሉ ከፊት ለፊት ተቀምጧል። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ሸዕባንና ኸዲጃ በቁርዓን ምለው የሰሙትን ተናገሩ። ኸዲጃ የአረጋን ሳቅ ሳይቀር አስመሰለችው። ከዚያ ያንተ ቃል ተነበበ። ዳኛው ስምህን ሲጠራ ምን እንዳለህ ታውቃለህ? «ዜጋችን ከፋለ» አለህ። ኮብላይ አላለህም። እናትህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ።

አረጋ ጠጥቼ የቀለድኩት ነው አለ። ዳኛው፣ እሺ፣ ሳትጠጣ ተናገር አለው። አረጋ ለመናገር ሲነሣ ለምዶበት እጁን ሽቅብ አነሣው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሳቁን ዋጠና «አውርድ። የእጅህን ነገር ሰምተናል» አለው።

ያኔ ከወህኒ ቀርበው የተቀመጡት አባባ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ብለው ፈቃድ ለመኑ። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩትና፣ ሳይቆጡ፣ ልክ እንደ ንስሐ ልጃቸው አናገሩት፦

«አረጋ ልጄ፣ አርባ ቀንህ ላይ ያጠመቅኩህ እኔ ነኝ። የክርስትና ስምህን ሰጥቼሃለሁ። ሌላ ስሰጥ ያየኸኝ ነገር አለ?»

አረጋ ክራቫቱን ላላ አደረገና «የለም አባቴ፤ አላየሁም» አለ። በቃ። ከሳሽም ጠበቃም የሚጨምረው አጣ።

ዳኛው ሲፈርድ፣ እጅም ይነሣ ደጅም ይያዝ መሐላ መሐላ ነው፤ በባህር ማዶ ችሎት የተነገረ ሐሰት በዚህ አዳራሽ እንደተነገረ ይቆጠራል አለ። አምስት ዓመት ጽኑ እስራት። አባባ ያን ቀን ማታ እቤታቸው አደሩ። እኔ እልልታ የማላውቅ ሰው ነኝ ስል ኖሬአለሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው እልል ያልኩት።

ፍርዱ በመንግሥት በኩል ወደ እናንተ ተልኳል። እንግዲህ ያ ፈረንጅ መስተዋቱን ይጥረግ።

እትዬህ ብርቅዬ


ቴሌግራም፣ ጄኔቭ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ክርክሩ እንደገና ተከፈተ። ፍርዱ ተገለበጠ። መስቀሉ ይመጣል። አጎቴን ሳሚልኝ። ከፋለ።


ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከፋለ

የጭላው ሚካኤል ክንፉን ከላይህ አያንሣ። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ዛሬ ደህና ካልሆንክ ሌላ ቀን ደህና አትሆንም።

መስቀሉ ገባ። በአውሮፕላን ላሊበላ ድረስ፣ ከዚያ በሸዕባን በቅሎ ጭላ ሚካኤል ድረስ። የማን በቅሎ ይሸከመው በሚል ካህናቱ ሊጣሉ ደርሰው ነበር። አባባ ናቸው ከሸዕባን በቅሎ ሌላ አይሆንም ያሉት። ሸዕባን ኮርቶ ልጓሙን ራሱ ይዞ መጣ፤ ከቅጥሩ በር ላይ አስረክቦ ከውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ አገሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ቁልፉን ለአባባ መለሱላቸው፤ ካህናቱ እግራቸው ላይ ወደቁ፣ ለምን ዝም እንዳሉ ሊያስረዱ ጀመሩ። ተነሡ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው አሏቸው።

ያንተን የበሩን ነገር ለዚህ ቀን አስቀምጬው ኖሬአለሁ፤ አልነገርኳቸውም ነበር። ንግሡ ሲያበቃ አጠገባቸው ሄጄ ነገርኳቸው። የናስ እጀታ እንዳለው፣ ዘበኛው ወንበር እንዳመጣልህ፣ ሁሉንም። ዕንባቸው መነጽራቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉና፣ ያንን በር ማን ባርኮታል ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልባረከውም አልኳቸው።

መስቀሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደጀ ሰላሙ ወጡ። ጄኔቭ በየት በኩል ነው አሉ። የትምህርት ቤቱ መምህርም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም አላወቀም። ከዛፉ ሥር ሸዕባንን ጠየቁት፤ እሱም፣ እኔ የማውቀው የመካን ብቻ ነው አላቸው። ሰዉ በሳቅ ሲፈነዳ አባባ መስቀሉን ከፍ አድርገው በአራቱም ማዕዘን ባረኩ፣ ቀስ እያሉ፣ አንዱንም ሳያሳንሱ።

«በሉ፣ አንዱ ይደርሰዋል» አሉ።

ነገ በዚያ በር ስታልፍ እጀታውን ጨብጠው። የኛ ደጅ ነው።

እትዬህ ብርቅዬ ደርበው